የፊርማው ዋጋ፣ የፎቶው ሕግ

በዋሽንግተን ዲሲ በዋልተር ኢ. ዋሽንግተን የጉባኤ ማዕከል «ኦሰም ኮን» የሚባለው የአድናቂዎች ጉባኤ በሚካሄድበት ሰሞን፣ የከተማው ሐበሻ ሹፌሮች ከኋላ ወንበራቸው የማይጭኑት ፍጥረት የለም። አንዱ ካባውን የመኪናው በር እንዳይዝበት ሰብስቦ ይገባል። ሌላዋ ክንፏን አጥፋ በጎኗ ትቀመጣለች። አንድ ትንሽ ልጅ የፕላስቲክ ሰይፉን አባቱ ጉልበት ላይ አጋድሞ በመስኮት ያያል። ከማዕከሉ ተነስቶ በዘጠነኛው ጎዳና ወደ ሰሜን ትንሽ በእግር ለሄደ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር ይገኛል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለም። ሹፌሩ ያያቸዋል፣ የመኪና ማቆሚያው ሠራተኛ ያያቸዋል፤ እዚያው ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ደግሞ «ትኬት ግዙልን» ይላሉ።

ትኬቱ ተገዝቶ፣ ቦርሳው ተፈትሾ ከተገባ በኋላ ሁለተኛው ሒሳብ ይጀምራል። ልጁ ሲያየው ያደገውን ተዋናይ ከሩቅ ያውቀዋል፤ ይሮጣል። አባት ተከትሎ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ወረቀት ያነብባል፤ ለፊርማ ይህን ያህል ዶላር፣ አብሮ ፎቶ ለመነሳት ይህን ያህል፣ ለሁለቱም ይህን ያህል። ከሥሩ በደማቅ ቀለም «ያለ ክፍያ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» ይላል። ለስም መጻፍ ገንዘብ መጠየቅ ብዙ ወላጅን ያስደነግጣል። እንዲህ ያለው ዋጋና እንዲህ ያለው ክልከላ ከየት መጣ? ተገቢስ ነው?

ጠረጴዛው ላይ

የፊርማው ሰፈር ከአዳራሹ አንድ ጥግ ይዟል። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ ከየጠረጴዛው ጀርባ የተዋናዩ ስም የተጻፈበት ጨርቅ ተሰቅሏል፣ ከፊቱ በገመድ የተከለለ የወረፋ መስመር አለ። ጠረጴዛው ላይ ተዋናዩ በየዘመኑ የሠራቸው ገጸ ባሕርያት ፎቶ ተዘርግቷል። ከጎናቸው ጥቁር፣ ብርማና ወርቃማ ማርከሮች አሉ፤ ጥቁር ቀለም በጥቁር ፎቶ ላይ ስለማይታይ ደንበኛው ቀለሙን ይመርጣል።

ተዋናዩ ገንዘብ አይነካም። ከጎኑ የሚቀመጥ ረዳት አለ፤ ይቀበላል፣ መልስ ይሰጣል፣ ወረፋው እንዳይቆም ያጣድፋል። ረዳቱ ሌላም ሥራ አለው። የባለጉዳዩን ስም በትንሽ ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፎ ፎቶው ላይ ይለጥፋል፣ ተዋናዩም ያንን እያየ ይገለብጣል። እንደ እኛ ልጆች የስማቸውን ፊደል ከአንዴ በላይ መናገር ለሚገደዱ ይህች ቁራጭ ወረቀት ትልቅ ነገር ናት።

ዋጋው እንደ ሰውየው ዝና ይለያያል። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ተከታታይ ፊልም የታወቀ ተዋናይ 20 ወይም 30 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል፤ ፊቱ አሁንም በቴሌቪዥን የሚታይ ከ50 እስከ 100 ይደርሳል፤ ስሙ በዓለም የናኘ ደግሞ 200 እና ከዚያም በላይ ያስከፍላል። አንዳንዱ የራሱን ፎቶ ከጠረጴዛው ለሚወስድ አንድ ዋጋ፣ ከቤቱ ፖስተር ወይም ጭንብል ይዞ ለሚመጣ ሌላ ዋጋ አለው፤ ይዞ የመጣው ሊሸጠው ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ።

ጥቂት እርምጃ አልፎ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ፤ የሥዕላዊ መጽሔት ሠዓሊያን ረድፍ። እዚያ ከተቀመጡት ብዙዎቹ መጽሐፋቸውን ለገዛ፣ አንዳንዶቹም ምንም ላልገዛ፣ በነፃ ይፈርማሉ። ዋጋ የሚጠይቁትም ቢሆኑ ከተዋንያኑ ጋር አይወዳደሩም። ልጁ ሥዕል የሚወድ ወላጅ መጀመሪያ ወደዚህ ረድፍ ቢያመራ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ ሠዓሊው ቀና ብሎ ያነጋግራል፣ ጊዜም አለው።

ድሮ በነፃ ነበር

የሳን ዲዬጎው የአድናቂዎች ጉባኤ፣ ኮሚክ ኮን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር ሦስት መቶ ያህል ሰው በአንድ ሆቴል ውስጥ የተሰበሰበበት ነበር። ደራሲው ሬይ ብራድበሪና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ተጋብዘው መጥተዋል። በጥር 1972 በኒውዮርክ ስታትለር ሂልተን ሆቴል የተደረገው የቴሌቪዥኑ ተከታታይ ፊልም የስታር ትሬክ አድናቂዎች ጉባኤ ደግሞ አዘጋጆቹን ራሳቸውን አስደነገጠ። ጥቂት መቶ ሰው ጠብቀው ከሦስት ሺህ በላይ መጣባቸው። የፊልሙ ፈጣሪ ጂን ሮደንበሪና ደራሲው አይዛክ አሲሞቭ ተገኝተዋል፤ ናሳም የሚታይ ዕቃ ልኳል። በዚያ ዘመን ተዋናይን አግኝቶ ማስፈረም በአብዛኛው ዋጋ የሚጠየቅበት ጉዳይ አልነበረም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? አንዱን መልስ የምናገኘው ከዚያው ከስታር ትሬክ ነው። ፊልሙ ከ1966 እስከ 1969 በኤንቢሲ ታይቶ ተመልካች አነሰው ተብሎ ተቋረጠ። በእውነት የታወቀው ከተቋረጠ በኋላ ነው፤ በየከተማው ያሉ ጣቢያዎች ድጋሚውን እየገዙ ከዓመት ዓመት አሳዩት። የዚያን ጊዜ የተዋንያን ውል ግን የድጋሚ ክፍያን ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ብቻ የሚፈቅድ ነበር። የቴሌቪዥን ፊልም በታየ ቁጥር ያለ ገደብ ይከፈል የሚለው ስምምነት በ1974 መጣ፤ ከዚያ በፊት የተሠራውን አልታደገም። እንግዲህ መንገድ ላይ በስሙ የሚጠሩት፣ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው፣ ፊቱ በየምሽቱ በቴሌቪዥን የሚታይ ተዋናይ ከዚያ ሁሉ መታየት አንድ ሳንቲም የማያገኝበት ጊዜ ነበር። ጉባኤው ሲመጣ ዝናውን ወደ እንጀራ የሚለውጥበት አንዱ ቦታ ሆነ።

ሁለተኛው መልስ ከስፖርት ነው። በቤዝቦል ካርድ ገበያዎች የቀድሞ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ይዘው በክፍያ መፈረም የጀመሩት ተዋንያኑ ሳይጀምሩ ነው። በ1980ዎቹ ይህ ገበያ ደርቶ፣ ደመወዛቸው ትንሽ በነበረበት ዘመን የተጫወቱ ሽማግሌዎች ከመጫወቻ ሜዳው ይልቅ ከጠረጴዛው ብዙ አገኙ። ገንዘቡ በጥሬው ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ ስለነበር ጣጣም አመጣ። በ1995 ሁለቱ ታላላቅ የቤዝቦል ስሞች፣ ዱክ ስናይደርና ዊሊ ማኮቪ፣ ከፊርማ ያገኙትን ገቢ ለግብር ሰብሳቢው ባለማሳወቃቸው ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋታቸውን አመኑ።

ከጭንብሉ ሥር

የፊርማ ክፍያን የሚያወግዝ ሰው ሲገጥመኝ የማነሳለት ዴቪድ ፕራውስን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የስታር ዋርስ ፊልሞች የዳርት ቬደርን ጥቁር ልብስ ለብሶ የተንቀሳቀሰው እንግሊዛዊ እርሱ ነበር። ድምፁ ግን የጄምስ ኧርል ጆንስ ሆነ። በሦስተኛው ፊልም ጭንብሉ ሲወልቅ የታየው ፊትም የሌላ ተዋናይ፣ የሴባስቲያን ሾው ነው። ፕራውስ በዓለም ከታወቁት ገጸ ባሕርያት አንዱን ተሸክሞ፣ ድምፁም ፊቱም ሳይቀርለት ቀረ። እስከ እርጅናው በየጉባኤው ጠረጴዛ ይዞ ይፈርም ነበር፤ በ2020 አረፈ።

> ከጭንብሉ ሥር የነበረው ሰው «የእኔ ነው» ብሎ የሚያቀርበው ፊርማውን ብቻ ነበር።

የእርሱ ዓይነቶቹ ብዙ ናቸው። «ኤልስትሪ 1976» የተባለው የ2015 ዘጋቢ ፊልም የስታር ዋርስ የመጀመሪያ ክፍል ለንደን አጠገብ ሲቀረጽ በጭንብልና በአጃቢነት የሠሩ ሰዎችን ይከተላል። ለጥቂት ቀን ሥራ ጥቂት ክፍያ ተቀብለው ወደ ኑሯቸው የተመለሱ ሰዎች ናቸው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ፊርማቸውን ፈልጎ መጣ። ለእነዚህ ሰዎች የቅዳሜና እሁዱ ጠረጴዛ የቤት ኪራይ ነው፣ የመድኃኒት ነው። እዚህ ላይ ዋጋ መጠየቁ ነውር ሆኖ አይታየኝም።

ከላይኛው ጫፍ ግን ሌላ ታሪክ አለ። ትልልቅ ስሞችን የሚያመጣ አዘጋጅ አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ዋስትና ይሰጣል። ከፊርማና ከፎቶ የሚገኘው ገቢ መጀመሪያ ያንን ዋስትና ይሞላል፤ ከዚያ በላይ የመጣው የተዋናዩ ነው፣ ወይም እንደ ውሉ ይካፈሉታል። ካልሞላ አዘጋጁ ከኪሱ ይጨምራል። ለዚህ ነው አዘጋጁ ወረፋው በፍጥነት እንዲሄድ የሚጣደፈው፤ ለዚህ ነው ለቤተሰብ የሚበቃ ሰላምታ ወደ ጥቂት ሰከንድ የሚያጥረው። የስታር ዋርሷ ተዋናይት ኬሪ ፊሸር በ2016 ባሳተመችው የመጨረሻ መጽሐፏ ፊርማ ሸጦ ገንዘብ መቀበል ያሳድርባት የነበረውን እፍረትና ለአድናቂዎቹ የነበራትን ፍቅር ሁለቱንም ሳትሸሽግ ጽፋለች። ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ ከተቀመጡት ሰዎች ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ሌላ አላነበብኩም።

በነፃ የሚፈረምበት ቦታ ፈጽሞ ጠፋ ማለት አይደለም። ሳን ዲዬጎ ላይ የፊልም ድርጅቶች አዲስ ሥራቸውን ለማስተዋወቅ ተዋንያኑን ያመጣሉ፤ እነርሱ ሲፈርሙ ክፍያ የለም። ነገር ግን ዕጣ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ዕጣ ያልወጣለት ቀኑን ሙሉ ቢቆምም አያገኝም።

ከመጋረጃው ጀርባ አሥር ሰከንድ

ፎቶው ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። በጨርቅ የተከለለ ክፍል ይዘጋጃል፤ ውስጡ መብራት፣ ባለሙያ ፎቶ አንሺና አንድ ወጥ መደብ አለ። ተዋናዩ መሐል ላይ ይቆማል። ባለ ትኬቱ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ይገባል፣ ይቆማል፣ ብልጭ ይላል፣ ይወጣል። ሁሉም ተደምሮ አሥር ሰከንድ ቢፈጅ ነው። የታተመው ፎቶ ከደቂቃዎች በኋላ ውጭ ይጠብቀዋል። መነጋገር የለም፣ ማስፈረም የለም፤ በራስ ስልክ ማንሳትማ ጨርሶ አይፈቀድም። ሳይጠይቁ ማቀፍ ክልክል ነው። እጅ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አስተናጋጁ ይናገራል።

አንዳንድ አድናቂ ይህን ሲያይ ያዝናል። ዓመት ሙሉ ያጠራቀመ፣ ከሌላ ግዛት በአውቶቡስ የመጣ ሰው አሥር ሰከንድ ብቻ ማግኘቱ ቅር ያሰኛል። ሌላው ደግሞ ይህን ይመርጣል፤ ዓይን አፋር ሰው ምን እንደሚል ስለሚጨነቅ ፎቶው ብቻ ይበቃዋል። ከሁለቱም ወገን ያሉ ሰዎች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ መነጋገር የሚፈልግ ገንዘቡን ለፊርማው ያውጣ። ጠረጴዛው ላይ ቢያንስ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ።

ጠረጴዛው አጠገብ ፎቶ የሚከለከልበት ምክንያት ሁለት ነው፣ መለየትም አለባቸው። አንደኛው ንግድ ነው፤ ፎቶ በዋጋ ስለሚሸጥ በነፃ መወሰዱ ገበያውን ያበላሻል። ሁለተኛው ሰብአዊ ነው፤ ስምንት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ሳንድዊች ሲጎርስ፣ ሲያዛጋ፣ ሲደክመው መቶ ስልክ ፊቱ ላይ መደገኑ ያሳቅቃል። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያስበው አዘጋጅ ልጅ ላይ ይጮሃል። ሁለተኛውን የሚያስብ «እባክህ ስልክህን ዝቅ አድርግልኝ» ይላል።

የፎቶው ሕግ እየጠበቀ የመጣው በየጊዜው በደረሰው ነገር ነው። በ2015 በሳን ዲዬጎው ትልቅ አዳራሽ ለታደሙት ብቻ የቀረበው የ«ሱሳይድ ስኳድ» ፊልም ቅንጫቢ በስልክ ተቀርጾ ወጣ፤ የፊልሙ ድርጅት ዋርነር ብራዘርስ ቅር እያለው ጥራት ያለውን ራሱ ለመልቀቅ ተገደደ። ከስክሪኑ ላይ መቅረጽ ክልክል መሆኑ ዛሬ እየተደጋገመ የሚነገረው በከንቱ አይደለም። በ2017 ደግሞ ፊኒክስ ከተማ ውስጥ እውነተኛ ሽጉጦች የታጠቀ ሰው ጉባኤው መሐል ተያዘ። አዘጋጆቹ ወዲያው የአልባሳት መሣሪያዎችን ሁሉ ከለከሉ። የእንጨት ሰይፍ እንኳ በር ላይ የሚታየውና ምልክት የሚታሰርበት፣ ከተዋናይ ጋር ፎቶ ሲነሱም «ወደ ማንም አትደግኑ» የሚባለው እንዲህ ያለ አደጋ ስለሚፈራ ነው። ከኮቪድ በኋላም በ2021 አንዳንድ ቦታ በተዋናዩና በአድናቂው መካከል ግልጽ የፕላስቲክ መስታወት ቆሞ ፎቶ ተነስቷል።

ፈቃድ መጠየቅ

ከሁሉ የሚበልጠው የፎቶ ሕግ ግን ገንዘብ የለበትም። እርሱም ከዝነኞቹ ጋር ሳይሆን በአዳራሹ ከሚዘዋወረው፣ ወራት ሰፍቶ ልብሱን ከሠራው ተራ ሰው ጋር የተያያዘ ነው።

እነዚህ የገጸ ባሕርያት ልብስ ለባሾች፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ለዓመታት ያለ ፈቃድ ሲነሱ፣ ከኋላ ሲቀረጹ፣ ሲነኩም ኖረዋል። ሲናገሩ «ታዲያ ለምን እንዲህ ለበሳችሁ» ይባሉ ነበር። ራሳቸው ተደራጅተው ጮኹ፤ በ2014 የኒውዮርክ ኮሚክ ኮን መለበስ ፈቃድ መስጠት እንዳልሆነ የሚናገር ትልቅ ማስታወቂያ በየመግቢያው አቆመ። ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ በብዙ ጉባኤ ደንቡ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ «ላንሳሽ?» ይባላል፣ እምቢ ካለች ይታለፋል፣ ልጅ ከሆነ ወላጁ ይጠየቃል፣ የሚበላና የሚያርፍ ሰው ይተዋል፣ መተላለፊያ አይዘጋም።

> አምሮ መልበስ «አንሱኝ» ማለት አይደለም።

ነገሩን በደንብ ሥርዓት ያስያዙት ጃፓኖቹ ናቸው። በቶኪዮ ከ1975 ጀምሮ በሚካሄደው «ኮሚኬት» የተባለ ጉባኤ ለባሾቹ ልብሳቸውን ለብሰው ከቤት አይመጡም፤ ተመዝግበው እዚያው በተዘጋጀ ክፍል ይለብሳሉ። ፎቶ የሚነሳው በተከለለ ቦታ ብቻ ነው። ፎቶ አንሺዎቹ ከለባሹ ፊት ወረፋ ይዘው አንድ በአንድ ይቀርባሉ፣ እጅ ይነሳሉ፣ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ አንስተው ያመሰግናሉ። ሰው ሲበዛ ክብ ይሠራሉ፤ ቁጥር ተቆጥሮ ሲያበቃ ሁሉም ካሜራውን ያወርዳል። ትሕትናው ደስ ይላል፤ ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ ሰው ቤት ሲገባ «ቤቶች» ብሎ ቆሞ መጠበቅን የለመደ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

እውነተኛ ነው?

ዋጋ ባለበት ሁሉ አስመሳይ ይመጣል። በ1990ዎቹ ኤፍቢአይ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ብሎ በሰየመው ምርመራ የዝነኞችን ፊርማ እየኮረጀ የሚሸጥ ሰፊ መረብ አፍርሷል። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል በማዘር ትሬዛ ስም የተፈረሙ የቤዝቦል ኳሶች ይገኙበታል። የስታር ዋርሱ ተዋናይ ማርክ ሃሚል ደግሞ የእርሱ ፊርማ ነው ተብሎ የተሸጠውን እያየ እውነተኛና ሐሰተኛውን በትዊተር ለአድናቂዎቹ ይለይ ነበር። ካሊፎርኒያ ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ የተፈረመ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የማረጋገጫ ወረቀት እንዲሰጥ አስገደደች። መነሻው 5 ዶላር ስለነበር ደራሲ ጋብዘው መጽሐፍ የሚያስፈርሙ መደብሮችን ጭምር ያዘ። አንድ የመጻሕፍት መደብር ባለቤት ከሰሰ፤ በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ መነሻው 50 ዶላር ሆነ፣ መጻሕፍትም ወጡለት።

ተዋንያን «ለማን ልበል?» ብለው ስም የሚጨምሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስም የተጻፈበት ፎቶ ለነጋዴ አይመችም። ለልጅ ግን ያው ስም ነው ዋጋው፤ ግድግዳው ላይ ሲሰቅለው ለእርሱ ብቻ የተጻፈ ነው።

ለወላጆችና ለአዘጋጆች

እኔ ከዋጋው መኖር ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከመደበቁ ጋር ነው። የፎቶ ትኬት ዋጋ በአብዛኛው ከቀኑ በፊት ይታወቃል፤ የጠረጴዛው ፊርማ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ደርሶ ነው የሚታየው። አንድ ሰዓት ወረፋ ቆሞ፣ ልጁ ተራው ደርሶ፣ ከዚያ ዋጋውን የሚያነብ አባት እምቢ ማለት አይችልም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ብሂል እዚህ ቦታ ይሠራል፤ ነገር ግን ለመመጠን መለኪያው መታየት አለበት። አዘጋጆች ይህን ማስተካከል አይከብዳቸውም። የእያንዳንዱን እንግዳ ዋጋ ከትኬቱ ጋር አብረው ያውጡ፣ ወረፋው መጨረሻ ላይም ይለጥፉት፤ ሲለወጥ ይናገሩ።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ደግሞ፣ ከቤት ሳትወጡ ማንን ማግኘት እንደሚፈልጉ ጠይቋቸውና አንድ ሰው ምረጡ። ካርድ የማይቀበል ጠረጴዛ ስላለ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ሳይጠይቁ ፎቶ እንዳያነሱ ንገሯቸው፤ እነርሱንም ያለ ፈቃድ የሚያነሳ ካለ እንዲነግሯችሁ። የተዋንያኑ የመድረክ ውይይት በአብዛኛው በመግቢያ ትኬቱ የሚታይ ስለሆነ ዋጋው ከከበዳችሁ እዚያ ተቀመጡ፤ ልጁ እጁን አውጥቶ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ጠረጴዛው ላይ የዋጋ ወረቀት ካላያችሁ ግን ልጁን ሳታሰልፉ ረዳቱን ጠይቁት። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መናገር ግዴታው ነው።